የቁርጭምጭሚት ወለምታ፦ ማሳረፍ ወይስ ማንቀሳቀስ?

እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ያሉት ጅማቶች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፤ አንዳንዴም ይበጠሳሉ። ያኔ ሁለት ምክር ይመጣል፦ «አትርገጥበት፣ ተኛ» እና «ቀስ እያልክ ተራመድበት»።

ማሳረፍ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ተገቢ ነው። እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ መያዝ ሕመሙን ያስታግሳል። ችግሩ ዕረፍቱ ሲረዝም ነው፤ ለሳምንታት ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ የባት ጡንቻም ይሰልላል።

ማንቀሳቀስ ግን ጅማቱን ያጠነክረዋል። ሲጠገን አዲሶቹ ክሮች የሚደረደሩት ጫናው በሚያርፍባቸው አቅጣጫ ነውና። ቁጭ ብሎ በእግር አውራ ጣት አየር ላይ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» መጻፍ ጥሩ መነሻ ነው። ሕመሙ ሲቀል ደግሞ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ይከተላል። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ሚዛን መጠበቅን እንደገና እየተማረ ነው። በጣም የሚቆጨኝ ብዙ ሰው ይህን መዝለሉ ነው፤ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ «ድኛለሁ» ይላል፣ ያው እግር እንደገና ወለም ይለዋል።

ለቀላልና መካከለኛ ወለምታ ምርጫዬ ያለጥርጥር ማንቀሳቀስ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ለ10 ቀን ያህል በጄሶ ወይም በድጋፍ ማሰር ሊቀድም ይችላል። 4 እርምጃ መራመድ ካቃተ፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ከሁለቱም በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ራጅ መነሳት ያስፈልጋል።