ባለ20 ዶላሩ ወይስ ባለ300 ዶላሩ? ድራማና ፊልም ማያ ቦክስ ለሚገዛ

አሜሪካ ያለ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የአገር ቤቱን ድራማ በትልቁ ቴሌቪዥን ለማየት የቱ ቦክስ ይሻላል?» መልሱ ዎልማርት የሚሸጠው፣ ጎግል ቲቪ (የጎግል የቴሌቪዥን ሲስተም) ያለው «ኦን» (onn) ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር ተሰክቶ የኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳይ ትንሽ ቦክስ። ባለ4ኬው (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳየው) በ2023 ሲወጣ ዋጋው 19 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነበር። «ሁሉም ቻናል በነጻ፣ የዕድሜ ልክ» እየተባለ በ300 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚሸጠውን ስም የለሽ ቦክስ ግን በስጦታ ቢመጣም አትሰኩት።

ሒሳቡን እናስቀድም፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ባለ300ው «ወርሃዊ ክፍያ የለውም» ስለሚባል ርካሽ ይመስላል። ከ300 ላይ የኦንን ዋጋ ቀንሱ፤ 280 ዶላር ይተርፋል። ማስታወቂያ ያለው ኔትፍሊክስ በ2025 በአሜሪካ በወር 7.99 ዶላር ነበር፤ በ280 ዶላር የ35 ወር ይከፈላል። ለሦስት ዓመት አንድ ወር ጎደለ ማለት ነው። ያውም በየወሩ ለሚከፍል። የሚፈልገው ተከታታይ ሲወጣ ብቻ ከፍሎ፣ አይቶ ጨርሶ የሚያቋርጥ ሰው በዓመት አራት ወር ቢከፍል 32 ዶላር አይሞላም። ለማቋረጥ ቅጣት የለም፤ የተከፈለበት ወር እስኪያልቅም ይሠራል።

የአገር ቤቱ ድራማስ? እሱ መጀመሪያውኑ በነጻ ነው። ኢቢኤስ፣ ካና፣ ፋና፣ አርትስ የየራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል አላቸው፤ ብዙውን ፕሮግራማቸውን እዚያው ይጭናሉ። ባለ300ው ቦክስ ውስጥ «የኢትዮጵያ ቻናሎች» ተብሎ የተደረደረው በአብዛኛው ይኸው በነጻ የሚገኘው ነገር ነው፣ ምስሉ ደብዝዞ። የዩቲዩብ ማስታወቂያ ካሰለቸ በ2025 ዋጋ ሙሉው ፕሪሚየም በወር 13.99፣ የቤተሰቡ 22.99፣ ላይት የሚባለው 7.99 ነበር። ለድራማ ላይቱ ይበቃል፤ ዘፈን ላይ ግን ማስታወቂያው አይቀርም። ሦስት አራት ሰው በአንድ ቤት ካለ የቤተሰቡን መካፈል ነው የሚያዋጣው።

«የዕድሜ ልክ» የሚባለው የማን ዕድሜ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። ቦክሱ ቻናሎቹን የሚያመጣው ፈቃድ ከሌለው ሰርቨር (ቪዲዮውን ከሚያከፋፍል ኮምፒውተር) ነው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ቦክሱም አብሮ ያበቃል። ምልክቱ ይታወቃል፤ መጀመሪያ የኳስ ቀን ይቆማል፣ ቀጥሎ ግማሹ ቻናል ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ «ማደሻ ክፈል» ይመጣል። ዋስትና ብሎ ነገር የለም፣ ሻጩም ስልኩን አያነሳም።

ፊልም ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ኔትፍሊክስ ጥራት ያለው ምስል የሚለቀው ዋይድቫይን ኤል1 የሚባለውን፣ ፊልም እንዳይቀዳ የሚከላከል የጥበቃ ደረጃ ላሟላና ራሱ ላጸደቀው መሣሪያ ብቻ ነው። ስም የለሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ኤል3 ላይ ናቸው። ካርቶኑ «8ኬ» ቢልም ኔትፍሊክስ የሚመጣው በ480 (በዝቅተኛ ጥራት) ነው፤ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የሰው ፊት በሻሽ የተሸፈነ ይመስላል። የሚጫነውም የስልኩ አፕ ስለሆነ በሪሞት አይታዘዝም፣ ማውዝ ይፈልጋል።

«8 ጊጋ ራም፣ 128 ጊጋ ማከማቻ» የሚለውንም አትመኑ። ሶፍትዌሩ ሐሰተኛ ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ስለሚሠራ የሴቲንጉ ገጽ ራሱ ይዋሻል። አይዳ64 የሚባለውን አፕ ጫኑና ፕሮሰሰሩንና ራሙን እዩ፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ታገኙታላችሁ። ማከማቻውን መፈተኛው ትልልቅ ፋይል እየገለበጡ መሙላት ነው፤ ውሸት ከሆነ መሀል ላይ ይቆማል ወይም የተገለበጠው ፋይል አይከፈትም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቫይረሱ ነው። ኤፍቢአይ በሰኔ 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው የቦክስ ቫይረስ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ተንኮለኛው ሶፍትዌር አንዳንዱ ቦክስ ላይ ገና ሳይሸጥ ተጭኖ ይመጣል፤ ሌላው ላይ ሲከፈት «ይህን አፕ ጫን» ብሎ ይገባል። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ወንጀላቸውን በቤታችሁ ኢንተርኔት አሳልፈው ይሠሩበታል፣ አድራሻው የእናንተ ሆኖ። ከፋብሪካ የተጫነ ከሆነ ፋክተሪ ሪሴት አያጠፋውም፣ ሥሩ ያለው ፈርምዌሩ (የመሣሪያው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ውስጥ ነዋ። ቦክሱ ሲከፈት የጎግልን የቫይረስ መከላከያ «ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ» ካለ፣ ወይም ከፕሌይ ስቶር ሌላ የራሱን የአፕ ገበያ ካመጣ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ንቀሉት። የኢሜይል የይለፍ ቃል ገብቶበት ከነበረ በሌላ መሣሪያ ቀይሩ።

ኦኑም ቢሆን ችግር አያጣውም። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከአሰካክ ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ዩኤስቢ ላይ ሰክተውት «በየአሥር ደቂቃው ይጠፋል» ይላሉ። ብዙው የቴሌቪዥን ዩኤስቢ ግማሽ አምፒር ብቻ ይሰጣል፣ ቦክሱ ደግሞ ምስል ሲጀምር ከዚያ በላይ ይስባል። አብሮት የመጣውን አዳፕተር ግድግዳ ላይ ሰኩ። የዋይፋይ መቆራረጥ ሲሆን ቦክሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡት፤ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ይበቃል። ራውተሩ ሌላ ክፍል ከሆነ ባለ2.4 ጊጋኸርትዙን ዋይፋይ፣ እዚያው ሳሎን ከሆነ ባለ5ቱን ምረጡ። ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው ኔትፍሊክስ የሚጠይቀው።

ባለ4ኬው ማከማቻው 8 ጊጋ ብቻ ነው፣ ከዚያም ላይ ሲስተሙ ድርሻውን ይወስዳል። አሥራ አምስት አፕ ጭኖ «ተንቀራፈፈ» ማለት አያስኬድም፤ የማትከፍቱትን አጥፉ፣ የዩቲዩቡን ካሽ (አፑ በጊዜያዊነት የሚያስቀምጠውን ፋይል) አልፎ አልፎ አጽዱ። አሥር ዶላር መጨመር የሚችል በ2025 በ29.88 የወጣውን ፕላሱን ይውሰድ፤ 16 ጊጋ አለው። ፉል ኤችዲ የሚባለውን ታናሹን ግን እለፉት፣ በተቆጠበችው አምስት ዶላር ዓመት ሙሉ መናደድ ነው።

እናት ወይም አያት የሚያዩበት ከሆነ ሌላም ጥቅም አለው። በሪሞት አማርኛ መጻፍ ጣጣ ነው። የድራማውን ስም ስልክ ላይ በአማርኛ ጽፎ፣ ዩቲዩብ ላይ የካስት ምልክቷን ነክቶ ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ ይቻላል፤ ስልኩና ቦክሱ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ። ቻናሉን ሰብስክራይብ ካደረጉላቸው ደግሞ አዲሱ ክፍል ሲወጣ ራሱ ፊት ለፊት ይመጣላቸዋል።

የአማዞኑ ፋየር ስቲክስ? መጥፎ አይደለም፣ መነሻ ገጹ ግን የአማዞን ሱቅ ነው። ሮኩ የሚባለው ቦክስም ለዩቲዩብና ለኔትፍሊክስ ይበቃል። በ2025 መነሻ ዋጋው 129 ዶላር የነበረው አፕል ቲቪ ለዚህ ሥራ ብክነት ነው። የትኛውንም ስትገዙ ከራሱ ከመደብሩ ግዙ፤ በኢንተርኔት ገበያ ላይ «የሚሸጠው» የሚለው መስመር ላይ የማታውቁት ስም ካለ ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «የተከፈተ» ወይም «የተሞላ» ተብሎ፣ «ነጻ ቻናል» የሚያመጣ አፕ ተጭኖበት የሚሸጥ ስቲክም ያው የባለ300ው ታናሽ ወንድም ነው።

አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» መጻፉን አንብቡና የሶኬት መለወጫ ጨምሩበት። የቤታቸው ቴሌቪዥን ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ያለው የድሮው ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚለውጥ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ በተቃራኒው የሚለውጠውም መልኩ አንድ ስለሆነ ስትገዙ አቅጣጫውን እዩ። በሞባይል ዳታ የሚያዩ ከሆነ የኔትፍሊክስ ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፣ ዝቅተኛው እስከ 0.3 ጊጋ። ከመላካችሁ በፊት የኔትፍሊክሱን የዳታ አጠቃቀም ከአካውንቱ ገጽ ላይ ዝቅ አድርጉት፤ የዩቲዩቡን ጥራት ግን ቪዲዮው እየታየ ወደ 480 ማውረዱን በስልክ አስረዷቸው።