ውጭ እየኖሩ መንጃ ማሳደስ፦ አገልግሎቱን ተጠቅሜ ያየሁት

መንጃ ፈቃዴን ሳልመለስ፣ ባለሁበት ሆኜ በኦንላይንና በፖስታ አሳድሻለሁ። ስለዚህ ነገር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሆነ አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ የሌላ ሀገር መንጃ ያላቸው ጓደኞቼም የሚያነሱት ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ስለሆነ የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም። ባጭሩ አገልግሎቱ ይሰራል፣ ካርዱም ይደርሳል፣ ከአምስት ኮከብ ሶስት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ስለዘገየ አይደለም፣ ገንዘባችሁን ከመቀበላቸው በፊት ሊነግሯችሁ የሚገባ ትልቅ ነገር አለ እና እሱን ስለማይነግሩ ነው። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ግን ይሄ አገልግሎት ለሁሉም እንደሌለ እወቁ። የእንግሊዝ መንጃ ያለው ሰው ኑሮው ውጭ ከሆነ ማሳደስ አይችልም፣ እዛው የሚኖርበት አድራሻ ይጠየቃል። በአውሮፓ ህብረት ሀገራት ደግሞ መንጃ የሚያድሰው መደበኛ ኑሯችሁ ያለበት ሀገር ነው፣ መደበኛ ኑሮ የሚባለውም በመሰረቱ በአመት ቢያንስ 185 ቀን የምትኖሩበት ነው፣ ስለዚህ ጣልያን መንጃ አውጥቶ ጀርመን የገባ ሰው የሚያሳድሰው ጀርመን ነው ማለት ነው። አሜሪካ መንጃ የሚሰጠው ስቴቱ ስለሆነ አንዱ በፖስታ ይልካል ሌላው በአካል ካልመጣህ ይላል። የእናንተ ሀገር የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ሳታጣሩ ፎርም መሙላት አትጀምሩ።

ወደ አገልግሎቱ ስመጣ፣ ዌብሳይቱ ንጹህ ነው፣ ፎርሙም አጭር ነው፣ እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ ምንም አያስቸግርም። ስልኩ ላይ ግን ቆመ። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው መንጃውን ስታወጡ ባስመዘገባችሁት ቁጥር ነው፣ ያ ሲም ደግሞ አብዛኛው ሰው ከሀገር ሲወጣ የሚዘጋው ወይ መሳቢያ ውስጥ የሚረሳው ነው፣ ለረጅም ጊዜ ካልተሰራበት ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቁጥር ለመቀየር ሲባል ሲስተሙ መጀመሪያ በድሮው ቁጥር ኮድ ልላክ ይላል። በኢሜይል ጽፌ፣ የፓስፖርቴን ኮፒ ልኬ፣ ፊቴን ከፓስፖርቱ ጋር ያዥና ፎቶ ተነሺ ተብዬ ነው የተስተካከለው። የሚገርመው የመለሰችልኝ ሰራተኛ በጣም ጨዋ ናት፣ በጥሩ ሁኔታ ነው የረዳችኝ፣ ችግሩ ሰዎቹ ጋ ሳይሆን ውጭ የሚኖር ሰው የድሮ ስልኩን አይዝም ብሎ ያላሰበው ሲስተም ጋ ነው። እባካችሁ ገና ሳትወጡ ቁጥራችሁን ወይም ኢሜይላችሁን እዛ መዝገብ ላይ አስተካክሉት፣ የወጣችሁም ካላችሁ መንጃው ኤክስፓየር እስኪያደርግ አትጠብቁ።

ከሁሉም ጊዜ የበላው የአይን ምርመራው ነው። ፎርሙን ፕሪንት አድርጋችሁ ወደምትኖሩበት ሀገር የአይን ባለሙያ ትወስዳላችሁ፣ ቀኝ አይን፣ ግራ አይን፣ ሁለቱም አንድላይ፣ ያለመነጽርና በመነጽር የሚሉ ሳጥኖች አሉት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ለማህተም የተተወች ክብ ቦታ አለች። እኔን ያየችኝ ሀኪም ማህተም የላትም፣ እዚህ ሀኪም ማህተም አይዝም፣ ይፈርማል፣ የፈቃድ ቁጥሩን ይጽፋል፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ነው፣ ፎርሙ በነጥብ ነው የሚጠይቀው፣ ማለትም 1.0 ወይም 0.8 እያለ፣ እሷ የለመደችው ግን 20/20 እያሉ መጻፍ ነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ 6/6 ይሉታል። ሶስቱም አንድ ነገር ነው የሚለኩት፣ ለምሳሌ ብዙ ሀገር ለቤት መኪና እንደ ዝቅተኛ መመዘኛ የሚጠቀምበት 0.5፣ 6/12 እና 20/40 እኩል ናቸው። ግን ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰራተኛ ፎርሙ 0.8 እያለ ወረቀቱ ላይ 20/25 ካየ ይመልሰዋል፣ የኔንም መለሰው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ባለሙያዋ የክሊኒኩ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ውጤቱን በሁለቱም አጻጻፍ ጻፈችልኝ፣ ማህተም በሀገሩ እንደማይሰራበት በአንድ አረፍተ ነገር ጨመረችበት፣ ፈረመች፣ ከፎርሙ ጋር ስቴፕል አደረግኩት፣ አለፈ። ይሄን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠይቁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሀኪም ጋ መሄድ ገንዘብም ጊዜም ነው።

ፖስታው ጥሩ ነው። ካርዱ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በሚላክ ፖስታ ነው የመጣው። ትራኪንግ ቁጥሩ ከሀገር ሲወጣ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ሰው ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፣ ግን በሁለት ፊደል ጀምሮ ዘጠኝ ቁጥር ይዞ በሁለት ፊደል የሀገር ኮድ የሚያልቅ ከሆነ ያንኑ ቁጥር የምትኖሩበት ሀገር ፖስታ ቤት ዌብሳይት ላይ ብታስገቡት ድንበር ካለፈ በኋላ ያለውን ያሳያችኋል። ካርዱ እስኪመጣ ግን ታድሷል የሚለው ኢሜይል መንጃ አይደለም፣ ውጭ ሀገር ያለ ፖሊስ በሱ ያልፈኛል ብላችሁ አትውጡ፣ በተለይ ደግሞ ኢንሹራንስ፣ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠይቁት በዛን ቀን የሚሰራ መንጃ ነበራችሁ ወይ ብለው ነው።

አሁን ወደዛ ትልቅ ነገር ልምጣ። ይሄን ሁሉ ጨርሳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ አዲስ ካርድ ኪሳችሁ ገብቶ፣ በምትኖሩበት ሀገር መንዳት ላትችሉ ትችላላችሁ! የታደሰ መንጃ ለነዋሪ ፈቃድ አይሆንም። የውጭ መንጃ የሚሰራው ለጎብኚ ነው፣ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ የሚቆጥር ሰአት አለ፣ ጀርመን ከአውሮፓ ህብረት ውጭ ለተሰጠ መንጃ ኑሮ ከጀመራችሁ 6 ወር ነው፣ ጃፓን ከገባችሁ 1 አመት ነው፣ ሌላውም የራሱ ገደብ አለው። የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ራሱ አንድ ሰው ኑሮውን ወደ ሌላ ሀገር ካዛወረ ያ ሀገር የድሮውን መንጃ አለመቀበል እንደሚችል ይፈቅዳል። ጊዜው ካለፈ ካርዱ ለሌላ አስር አመት ቢታደስም ያው እንደሌለው ሰው ነው የምትቆጠሩት። ማሳደሻው ፎርም ላይ ውጭ ሀገር እንደምኖር አድራሻዬን ጽፌያለሁ፣ ስለዚህ ያውቃሉ፣ ግን አንድ መስመር እንኳን ‹‹እዛ ነዋሪ ከሆኑ ቅያሬ ይጠይቁ››፣ ማለትም መንጃዎን በሚኖሩበት ሀገር መንጃ ይለውጡ የሚል የለም። ሰው እየከፈለ ነው፣ ይህን ማወቅ መብቱ ነው። ሁለቱ ኮከብ የሄደው እዚህ ላይ ነው።

እና ማሳደስ ዋጋ የለውም ወይ? በጣም አለው እንጂ! ግን ለምን እንደሆነ እወቁት። ለመቀየር ስትሄዱ አብዛኛው ቢሮ የሚፈልገው ያላለፈበት መንጃ ነው፣ ካለፈበት ወይ ማጣሪያው ይበዛል ወይ ከዜሮ ጀምሩ፣ ቲዎሪ ተፈተኑ፣ ትምህርት ቤት ግቡ ይባላል። ስለዚህ ማሳደስ የቅያሬ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ እኔም የምመክረው በዚህ መልኩ ብቻ ነው፣ ወይም ደግሞ ተመልሳችሁ ልትኖሩ ካሰባችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። አዲሱ ካርድ ላይ የሚጻፈው የታደሰበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ያወጣችሁበት አይደለም። አውሮፓ ካርድ ላይ 4a የሚለው ካርዱ የተሰጠበት ቀን ነው፣ 4b የሚያበቃበት፣ ከጀርባ 10 ቁጥር ስር ያለው ደግሞ ያንን ደረጃ መጀመሪያ ያገኛችሁበት ቀን ነው፣ እንዲህ ለይቶ የሚጽፍ ካርድ ያለው ሰው እድለኛ ነው። የኔ አዲሱ ካርድ ላይ ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያም አዲሱ። ለማያውቅ ሰው ሲታይ ትናንት መንዳት የጀመርኩ ነው የምመስለው፣ ቅያሬውም ኢንሹራንሱም ልምድ የሚቆጥሩት ከዛ ነው። ስለዚህ ስታሳድሱ በዛው ‹‹መጀመሪያ የተሰጠው በዚህ ቀን ነው፣ እስከዛሬ አልታገደም›› የሚል ደብዳቤ ጠይቁ። የኔዎቹ ስጠይቃቸው ሰጡኝ፣ አልተንገላታሁም፣ ግን ዌብሳይቱ ላይ እንዲህ አይነት ነገር እንዳለ የሚናገር የለም። ጃፓን ያላችሁ ደግሞ መንጃውን ካወጣችሁ በኋላ በዛው ሀገር ቢያንስ 3 ወር መቆየታችሁን አስመስክሩ ስለምትባሉ መግቢያ መውጫ ማህተም ያለበትን የድሮ ፓስፖርት እንዳትጥሉ።

በውክልና ስለማሳደስ የሚጠይቁ አሉ። ኦንላይን የሌለው ሀገር ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው፣ ውክልናውን ቆንስላ ሄዳችሁ ታደርጋላችሁ፣ ወይ እዛው ኖተሪ ጋ አድርጋችሁ ሁለቱም ሀገሮች የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላው ሀገር እንዲታወቅ የሚያደርግ ማረጋገጫ ታስመታላችሁ፣ አባል ካልሆኑ ወረቀቱ ከውጭ ጉዳይ ወደ ኤምባሲ እየዞረ ይረጋገጣል። ውክልናው ላይ መንጃ ፈቃድ ማሳደስና መረከብ የሚል በግልጽ ይጻፍ፣ ‹‹ማንኛውንም ጉዳይ›› ብቻ ካለ የማይቀበል ቢሮ አለ። ፎቶና አሻራ በአካል የሚወስድ ሀገር ከሆነ ግን ውክልና አይረዳም። ዘመድ ወይ በጣም የምታምኑት ሰው ካልሆነ ለማንም አትስጡ። የአይን ምርመራ ሳታደርጉ እጨርስላችኋለሁ ከሚል ደላላ ደግሞ በጣም ራቁ፣ ቅያሬ የሚያደርገው ቢሮ የሰጠውን ሀገር ጠይቆ ሊያጣራ ይችላል፣ መዝገብ ላይ የሌለ ካርድ ከተገኘ ነገሩ ከመንጃ አልፎ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም ሊነካ ይችላል።

ኢንተርናሽናል መንጃ በኦንላይን በሚሸጡት ላይ ደግሞ ኮከብ የምሰጠው የለኝም፣ ሰው እየጎዱ ነው። እውነተኛው ኢንተርናሽናል ፈቃድ የመንጃችሁ ትርጉም ነው፣ ብቻውን አይሰራም፣ የሚሰጠውም መንጃውን የሰጠው ሀገር ነው፣ ዋናው መንጃ ኤክስፓየር ካደረገ እሱም አብሮ ያበቃል። በ1968ቱ ስምምነት ሲሆን ግራጫ ሽፋን ያለው፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ትንሽ ደብተር ነው፣ እድሜው ቢበዛ 3 አመት ነው፣ በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ 1 አመት። አስር አመት ሃያ አመት የሚያገለግል ፕላስቲክ ካርድ እንሰጣለን የሚሉት ሌላ ነገር ነው የሚሸጡት፣ በየትኛውም ስምምነት ውስጥ የለም። ያለፈበት መንጃ የያዘ ሰው ቶሎ መፍትሄ ሲፈልግ ነው የሚያገኙት፣ መንጃችሁን በዛ አልተካችሁትም፣ ገንዘባችሁን ሰጣችሁ እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅያሬ ስትሄዱ የድሮውን ካርድ አይመልሱላችሁም። በአውሮፓ ህብረት ህግ ከህብረቱ ውጭ የተሰጠ መንጃ የሚቀየረው ካርዱን ስታስረክቡ ብቻ ነው፣ ሌላም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የታደሰውን ካርድ ፊትና ጀርባውን በደንብ ስካን አድርጉ፣ የመጀመሪያ ቀኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ ደግሞ ኦሪጅናሉን ለራሳችሁ አስቀሩና የተረጋገጠ ኮፒ ስጧቸው፣ ኢንሹራንስ ጋ ስትሄዱ ትፈልጉታላችሁ።