የጣልያን ወረራን ታሪክ በእግር ላስጎበኘን ልጅ ምስጋና

እንግዳ መጥቶባችሁ አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደምትወስዱት ግራ ከገባችሁ አንድ አስጎብኚ ልጠቁማችሁ። የጣልያን ወረራ ዘመንን ታሪክ በእግር እያዞረ ያስረዳል። ከክፍለ ሀገር የመጡትን አክስቴን ይዤ ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነስተን፣ በጊዮርጊስና በአራት ኪሎ አድርገን ስድስት ኪሎ ወጣን።

የወደድኩለት ወሬ አለማብዛቱን ነው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ማለታቸውን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት መገደላቸውን ነገረን፤ ከዚያ ሐውልቱን እንድናይ ተወን። ጊዮርጊስ ጋ ደግሞ ጣልያኖች ካቴድራሉን እንዳቃጠሉት፣ የምኒልክን ሐውልትም ነቅለውት ከድል በኋላ ተመልሶ እንደቆመ አስረዳን። ፒያሳ ብዙ የድሮ ቤት ስለፈረሰ ፎቶ ይዞ ይዞራል። እዚያ ትንሽ ፈጠነብን እንጂ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት ሚያዝያ 27ን ያስታውሳል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ ንጉሡም በ1933 ዓ.ም. የተመለሱት በዚሁ ቀን ነው።

ዋናው ግን ስድስት ኪሎ ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የጣልያን ልዑል ተወለደ ብሎ ለድሆች ገንዘብ ሊያድል ሕዝቡን እዚህ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ታጣቂዎች ከተማው ላይ ተለቀቁ። ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። የሟቹ ቁጥር በእኛ በኩል 30,000 ነው የሚባለው። ልጁ የታሪክ ጸሐፊዎች በቁጥሩ እንደማይስማሙም አልደበቀንም።

አክስቴ «ልጆቹስ ተያዙ?» ብለው ጠየቁት። «ከከተማ አምልጠው ወጥተዋል እማማ። በኋላ ግን ተገድለዋል፤ እንዴት እንደሞቱ የሚነገረው ይለያያል» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ተረት ይጨምርበት ነበር። እኔ በዚህች መልሱ ነው ያመንኩት።

ግቢው ውስጥ ያለውን ደረጃ ሳታዩ እንዳትወጡ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን እየቆጠሩ ፋሺስቶቹ የሠሩት ነው። ወደ የትም አያደርስም። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ ብሎበታል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ የሳቁት ሳቅ!

በር ላይ ወዳለው የሰማዕታት ሐውልት ስንወጣ ግን ሳቁ ቀረ። ዙሪያው ላይ የተቀረጹት ምስሎች ጭፍጨፋውንና ሬሳ ሲለቀም ያሳያሉ። ልጁ ምንም ሳይቸኩል ከአክስቴ ጋር እየዞረ፣ የጠየቁትን ብቻ እየመለሰ ቆየ። ለአስረዳህበት ሳይሆን ለዚህ ትዕግሥትህ ነው ይበልጥ የማመሰግንህ ወንድሜ። እግዜር ይስጥልን።

ለመሄድ ካሰባችሁ ዋጋውን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ የሙዚየም መግቢያ ለብቻው ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። ረጅም እግር ጉዞ የሚከብደው ሰው ካለ ንገሩት፣ ከአራት ኪሎ ያስጀምራችኋል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።