ስምንት ወር ምላጭ የሳልኩበት የውሃ ድንጋይ

ሻጩ ያለኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «አብሽር ወንድሜ! ድንጋይ እኮ ነው። አንዴ ከገዛኸው ለልጅ ልጅህ ይተርፋል።» አምኜው ገዛሁ። ይኸው ስምንት ወሩ። ድንጋዩ አለ፤ መሃሉ ግን ጎድጉዷል።

የገዛሁት በውሃ እየረጠበ ስለት የሚሳልበትን፣ ሁለት ፊት ያለውን ነው፤ በአንዱ በኩል 1000 ቁጥር፣ በሌላው 6000። ቁጥሩ ከፍ ባለ ልክ ድንጋዩ የላመ ነው። በ1000ው ስለት ይወጣል፣ በ6000ው ይለሰልሳል። ምላጩ ከአባቴ የቀረልኝ ታጣፊ ነው፤ እጀታው አጠገብ ሶሊንገን የሚል የተቀረጸበት፣ የጀርመን ሥራ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው ከአረፋ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ አረፋ ሲደርስ የማይሳል ቢላ የለም። ድንጋይ እንዳለኝ ሰፈሩ ሰምቷል። «አባዬ ልኮኝ ነው» የሚል ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ ይዞ ይመጣል። እሱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ደስ እያለኝ ሁሉንም ሳልኩላቸው፣ በሁለቱም ፊት። ያመላለስኳቸው ግን ድንጋዩ መሃል ላይ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ምላጬን ስዬ ጉንጬ ላይ ሳሳርፈው ጫፉ ይቆርጣል፣ መሃሉ ጺሜን ይነጫል። እንደገና ሳልኩት። ያው ነው። ከተሳለ በኋላ ምላጭ የሚወለወልበት ቆዳ ላይ ሃምሳ ጊዜ አመላለስኩት። ያው! የአባቴን ምላጭ ገደልኩት ብዬ ያን ቀን ምሳ አልወርድ አለኝ።

በመጨረሻ የድንጋዩን ፊት በእርሳስ እንደ መረብ አሰመርኩት። ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ የሚችለውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋሁ። ውሃ አፍስሼ ድንጋዩን ፈገፈግኩት። የዳር ዳሩ መስመር ወዲያው ጠፋ። መሃል ላይ እንቁላል የመሰለ ቦታ ብቻ ከነመረቡ ቀረ። ጉድጓዱን ያኔ በዓይኔ አየሁት።

ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩ ላይ ተኝተው ነው የሚሄዱት። ድንጋዩ ከጎደጎደ ሁለቱ ጫፎች ይነካሉ፣ መሃሉ አየር ላይ ይቀራል። ቢላ ቢሆን እጅ ያስተካክለዋል፤ ምላጭ ግን አይምርም። ድንጋዩ መበላቱ ደግሞ ጥፋቱ አይደለም። ሲሳል የሚወጣው ጭቃ ከራሱ የሚፈረፈር ነው። ያረጀው ቅንጣት ሲወድቅ አዲሱ ብቅ ይላል፤ ቶሎ የሚስለውም ለዚህ ነው። ታዲያ ወንድሜ፣ ይህን ሳትነግረኝ ምን «ለልጅ ልጅ» ትለኛለህ? መስታወትና ብርጭቆ ወረቀት ጨምርበት ብትለኝ እኮ ከአንተው እገዛ ነበር!

መረቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ፈገፈግኩ። ሁለቱንም ፊት። ከዚያ ምላጩን ከ1000ው ጀምሬ እንደ አዲስ ሳልኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ ያ እጅ የሚያደነዝዝ የደሴ ውሃ ገና ፊቴ ላይ እያለ፣ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ አንድ ጊዜ ሳብኩት። ሽር አለ። መነጨት የለ፣ ማቃጠል የለ። ጉንጬን ደጋግሜ ዳበስኩት።

በድንጋዩ አልቆጭም። ነገ ቢሰበር መልሼ እገዛዋለሁ። አሁን እርሳሱ ከጎኑ ነው የሚቀመጠው፤ ሳላሰምር ምላጭ አላስነካውም። ለመጪው አረፋ ደግሞ ሌላ ሸካራ ድንጋይ ገዝቻለሁ። የሰፈሩ ቢላ በእሱ ይሳላል።