ለ«አይፒ ማስተካከያ» ከመክፈላችሁ በፊት ቡስተሩን ንቀሉት

ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ እና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች አንድ የኢንተርኔት መስመር ከጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ የምትጠቀሙ፣ ወይም ግቢ ውስጥ ለተከራይ ዋይፋይ የምታካፍሉ ሰዎች ከዚህ ገበያ ተጠንቀቁ። «ሲግናሉ ጓዳ ድረስ አይገባም፣ ቡስተር ላስገባላችሁ» ይባላል። ቡስተር ተብሎ ርካሽ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥን) ይመጣል፣ ኬብል ይሰካል፣ ብር ይከፈላል። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ስልክ ሲሠራ የሌላው ላፕቶፕ እምቢ ይላል። ቡስተሩን ያስገባው ሰው ተመልሶ ሲጠራ «የአይፒ ችግር ነው» ብሎ በየስልኩ ቁጥር ይሞላና ሌላ ብር ይቀበላል።

ችግሩ የአይፒ፣ ማለትም ዕቃው ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት የቁጥር አድራሻ፣ መሆኑ እውነት ነው። ያመጣው ግን ራሱ የሰካው ራውተር ነው፤ ሁለተኛው ክፍያ የመጀመሪያውን ጥፋት መሸፈኛ ነው።

ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ዋይፋይ ላይ ሲገባ አድራሻ የለውም። ስለዚህ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ይጠይቃል። ዋናው ራውተር «192.168.1.23 አለልህ» ይለዋል፣ ዕቃው «እሱኑ እወስዳለሁ» ይላል፣ ራውተሩ ያጸድቅለታል። አራት መልእክት ነው፤ ሁሉም ደህና ሲሆን ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ከአድራሻው ጋር የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ሰብኔት ማስክ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ጌትዌይ፣ የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ እና አድራሻው የተከራየበት ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ዲኤችሲፒ ይባላል። ዛሬም የሚሠራበት መሠረታዊ ደንብ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ዛሬ በሚሸጥ ስልክ፣ ላፕቶፕና ስማርት ቲቪ ሁሉ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። «ላስጭንላችሁ» የሚባልበት ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቡስተሩ። ከፋብሪካ ሲወጣ ዲኤችሲፒው በርቶ ነው የሚመጣው። ከዋናው ራውተር የመጣውን ኬብል የኢንተርኔት መስመር በሚገባበት፣ ዋን በሚባለው ቀዳዳ ሳይሆን የውስጥ ዕቃዎች ከሚሰኩባቸው፣ ላን ከሚባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ከሰኩት፣ አንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አድራሻ ሰጪ ይቆማል። ለአንድ ሰፈር ሁለት ሰው በየፊናው የቤት ቁጥር እንደሚለጥፍ ማለት ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ቡስተሩ ከቀደመ 192.168.0 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይሰጥና «ጌትዌይህ እኔ ነኝ፣ 192.168.0.1» ይላል። እሱ ጋ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር የለም። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ጣጣው ቡስተሩን በገዛው ቤት ብቻ አይቆምም፤ በዚያው ኬብል ላይ ያሉ አባወራዎች ሁሉ ይነካሉ። ጎረቤት ከጎረቤት «ፓስወርድ ቀይረህብኝ ነው» እየተባባለ የሚቀያየመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ታዲያ ሠራተኛው ሲፈትነው ለምን ሠራ? ቀድመው የገቡት ዕቃዎች የያዙት አድራሻ የኪራይ ጊዜው ገና ነው። ኪራዩ 24 ሰዓት ከሆነ ዕቃው እድሳት የሚጠይቀው በ12ኛው ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም መጀመሪያ የሰጠውን ራውተር ፈልጎ። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሁሉም ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዋናው ራውተር፣ የፋይበሩ ሞደም፣ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ትንሹ ቡስተር ብዙ ጊዜ ቀድሞት ይነሳና ለመጣው ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል። መብራት በመጣ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚታመም ቤት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ማጣራቱ ብር አይፈልግም። ስልካችሁ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ አይፒ አድራሻውና ጌትዌዩ ተጽፈዋል። ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ሲኤምዲ (cmd) ከፍታችሁ ipconfig ብላችሁ ጻፉ። የሚሠራለትንና የማይሠራለትን ሰው ጌትዌይ አስተያዩ። ከተለያየ ሁለት ሰጪ አለ ማለት ነው። ቡስተሩን ከኬብሉ ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ሁሉም ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ። ዊንዶውስ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካሳያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማንም አልመለሰለትም፣ ቁጥሩን ለራሱ ሰጥቷል፤ ኬብሉን፣ ራውተሩ መብራቱንና የሚያድለው አድራሻ ማለቅ አለማለቁን እዩ። አንድሮይድ በዚህ ጊዜ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል።

ቡስተሩ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ አትጣሉት። ኮምፒውተር ከቡስተሩ ጋር ብቻ አገናኙና በብራውዘር የማስተካከያ ገጹን ክፈቱ፤ የገጹ አድራሻ ከቡስተሩ ሥር ተለጥፏል። መጀመሪያ የላን አድራሻውን ለውጡ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ቡስተሩን 192.168.1.2 አድርጉት፣ ዋናው የሚያድላቸውን ቁጥሮች ደግሞ ከ192.168.1.10 እንዲጀምሩ አድርጉ። ቀጥሎ በአዲሱ አድራሻ ገብታችሁ ዲኤችሲፒውን አጥፉ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ገጹን መልሶ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ከዚያ ከላን ወደ ላን ስኩ፣ ዋን ቀዳዳው ባዶ ይቅር። አክሰስ ፖይንት ሞድ የሚል ምርጫ ካለው ይህን ሁሉ እሱ ይጨርስላችኋል። ለተከራይ ከሆነ ግን ዲኤችሲፒውን ሳያጠፉ በዋን ቀዳዳ መሰካቱ ይሻላል፤ የሁለቱ ራውተሮች የውስጥ ቁጥር አንድ ዓይነት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። የነሱ ዕቃ የናንተን ፕሪንተርና ቲቪ በቀላሉ ስለማያገኝ ለአንዳንዱ ጉድለት ይመስለዋል፤ ለአከራይ ግን ጥቅም ነው።

በእጅ ስለሚሞላው ቁጥር ደግሞ። ሰውየው ለስልካችሁ 192.168.1.50 ብሎ ይጽፋል። ያ ቁጥር ዋናው ራውተር ከሚያድላቸው ውስጥ ከሆነ ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል፤ ሁለታችሁም መቆራረጥ ትጀምራላችሁ፣ ሰውየውም ይጠራል። ላፕቶፕ ላይ የተሞላ ከሆነ ቢሮ ወይም ካፌ ስትሄዱ ላይሠራ ይችላል። «ቋሚ አይፒ ፍጥነት ይጨምራል» የሚሉት ውሸት ነው። 192.168 የሚጀምር ቁጥር የቤት ውስጥ ቁጥር ነው፣ ፍጥነት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ለፕሪንተር ወይም ለካሜራ ቋሚ ቁጥር ካስፈለገ ራውተሩ ገጽ ላይ በማክ አድራሻው (ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ይያዝለታል፤ በየዕቃው መዞር አያስፈልግም።

ከሁሉም የሚያሰጋው የሚሞላው ዲኤንኤስ ነው። ያንን የሚቆጣጠር ሰው የባንካችሁን ስም ስትጽፉ ወደ ሌላ ገጽ ሊወስዳችሁ ይችላል። የማታውቁት ቁጥር ተጽፎ ካገኛችሁ የአይፒ ሴቲንጉን ከስታቲክ (በእጅ ከሚሞላው) ወደ ዲኤችሲፒ መልሱት። ብራውዘሩ ስለ ሰርተፍኬት (የገጹ ማንነት ማረጋገጫ) ካስጠነቀቃችሁ አልፋችሁ አትግቡ።

ሰው ማስገባት ካለባችሁ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ዋናውንም ቡስተሩንም አጥፍቶ አንድ ላይ ያብራቸው፤ በሁለት ስልክ፣ አንዱ ከዋናው አንዱ ከቡስተሩ ገብቶ፣ ጌትዌዩ አንድ መሆኑን ያሳያችሁ (ለተከራይ በዋን የተሰካ ከሆነ ግን መለያየቱ ትክክል ነው)። የቡስተሩን ገጽ ፓስወርድም ተቀበሉ። ፓስወርዱን ይዞት ከሄደ ያላችሁ አማራጭ በመርፌ ተጭኖ የሚሠራው ሪሴት ብቻ ነው፤ ሪሴት ደግሞ ዲኤችሲፒውን እንደ ፋብሪካው መልሶ ያበራዋል። ያን ካደረጋችሁ ኬብሉን መልሳችሁ ሳትሰኩ ዲኤችሲፒውን አጥፉት።