ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር፦ የሬጂስተር ድልድልን በዓይን ለማየት

ማት ጎድቦልት እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር በብሮውዘር የሚሠራ ነፃ አገልግሎት ሲሆን፣ የጻፉትን ኮድ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም) ከሚያወጣው አሴምብሊ (በጽሑፍ ከሚነበበው የማሽን ትእዛዝ) ጋር ጎን ለጎን ያሳያል። እዚህ የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማሻሻያ አማራጮች በልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮች ላይ የሬጂስተር ድልድልን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት ጥቂት ፈጣን ማከማቻዎች የትኛው ዋጋ እንደሚቀመጥ መወሰንን) እንዴት እንደሚቀይሩ ምን ያህል ያስተምራል?

የሞከርኩት በአንድ ሉፕ ውስጥ 8 ድምሮችን የሚይዝ አጭር የሲ ፈንክሽን ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ-ኦ0 (ያለ ማሻሻያ) ሲተረጉመው እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ስታክ (ፈንክሽኑ የሚጠቀምበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ ተቀምጦ በየመስመሩ ስለሚጫንና ስለሚመለስ፣ የሬጂስተሮች መብዛትም ሆነ ማነስ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ልዩነቱ የሚገለጠው -ኦ2 (ከፍ ያለ የማሻሻያ ደረጃ) ሲመረጥ ነው። ባለ32 ቢቱ ኤክስ86 ካሉት 8 አጠቃላይ ሬጂስተሮች አንዱ ለስታክ ፖይንተር የተያዘ በመሆኑ፣ ለድምሮቹ ሁሉ ቦታ አይበቃውምና የተወሰኑትን ወደ ስታክ ይገፋል፤ 16 ያሉት ኤክስ86-64 ግን ሁሉንም ይይዛል። ድምሮቹ 16 ሲሆኑ ኤክስ86-64ም ወደ ስታክ መግፋት ይጀምራል፣ 31 ያሉት ባለ64 ቢት አርም ግን አሁንም ይበቃዋል። (ሙከራውን የሚደግም ሰው ኮዱን በራሱ ወደ ቬክተር ትእዛዝ (ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ ወደሚያሰላ) የሚቀይረውን ማሻሻያ ይዝጋ፤ አለዚያ ድምሮቹ ወደ ቬክተር ሬጂስተሮች ሊዛወሩና ንጽጽሩ ሊበላሽ ይችላል።) ሉፕን የሚዘረጋው (የሉፑን አካል ደጋግሞ የሚጽፈው) አማራጭም በተመሳሳይ ምክንያት፣ ሬጂስተር በሚያጥረው ፕሮሰሰር ላይ ጥቅሙ በጉዳቱ ሊዋጥ ይችላል።

ፍሬም ፖይንተርን (ፈንክሽኑ በስታክ ላይ ያለውን ቦታ የሚያመለክተውን ሬጂስተር) የማስቀረትና ያለማስቀረት ምርጫ በባለ32 ቢቱ ላይ ወዲያው ይታያል፤ ከቀሩት 7 ሬጂስተሮች አንዱን ማጣት ቀላል አይደለምና። በአርም ላይ ግን ልዩነቱን ለማግኘት ኮዱን ሆን ብሎ ማወሳሰብ ይጠይቃል።

ድክመቱን ስናይ፣ የኮዱን መስመር ከአሴምብሊው ጋር የሚያገናኘው ቀለም በ-ኦ0 እጅግ ግልጽ ቢሆንም በ-ኦ2 ትእዛዛቱ ስለሚቀላቀሉ ይደበዝዛል። ጂሲሲ ሲመረጥ ወደ ስታክ የተገፋውን የሚቆጥር የለም፣ ተጠቃሚው ራሱ ያነበዋል፤ ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ግን የድልድል ማሻሻያ ማስታወሻ እንዲሰጥ ሲጠየቅ በየሉፑ ቁጥሩን ይናገራል። ከዚህም በላይ ወደ ስታክ መገፋት ሁልጊዜ መዘግየት ማለት አይደለም፣ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ከስታክ የሚመለሰውን ዋጋ በፍጥነት ያቀርባሉና። በ-ኦ2 እና ከእሱ በላይ ባለው የማሻሻያ ደረጃ በ-ኦ3 መካከል የሚመርጥ ሰው በራሱ ማሽን ላይ መለካት አለበት።

የሚጻፈው ኮድ ወደ ሰርቨር ስለሚላክ የድርጅት ምስጢር የሆነ ኮድ አይለጠፍበት፤ ምንጩ ክፍት በመሆኑ በራስ ማሽን ላይ ማስኬድ ይቻላል።