አገር ውስጥ የሚሠራ የሶላር ብረት፦ ምሰሶውን ግዙ፣ ክላምፑን ገና ቆዩ

ለትልቅ የሶላር ማመንጫ ከሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ አገር ውስጥ ለመሥራት ቀድሞ የሚያዋጣው ፓነሉን የሚሸከመው ብረት ነው። ላሜራ ማጠፊያና መብሻ ማሽን ያለው ወርክሾፕ ምሰሶውንም አግዳሚውንም ማውጣት ይችላል። ጥንካሬው አያሳስበንም። የሚያሳስበን ብረቱን ከዝገት የሚከላከለው የዚንክ ልባጭ ነው።

ገበያ ላይ «ጋልቫናይዝድ» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ተቆርጦና ተበይዶ የሚሸጠው ነው፤ ብየዳው የነካው ቦታ ዚንኩ ተቃጥሏል፣ የብር ቀለም ቢቀባም ዝገቱ ከዚያው ይነሣል። ሌላው መቁረጡም፣ መብሳቱም፣ ብየዳውም ካለቀ በኋላ 450 ዲግሪ ገደማ በሚሆን የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከረው ነው። መሬት ለሚገባ ምሰሶ ሁለተኛውን ብቻ ግዙ። ውሉ ላይ አይኤስኦ 1461 (በቀለጠ ዚንክ ለተነከረ ብረት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ይጠቀስ፦ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብረት የዚንኩ አማካይ ቢያንስ 70 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ የትኛውም ቦታ ሲለካ ደግሞ ከ55 እንዳያንስ። ጭነቱን ከመረከባችሁ በፊት በዚንክ ውፍረት መለኪያ ለኩት።

ቱቦላሬ ከሆነ ከመነከሩ በፊት መተንፈሻና ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ውስጡ የቀረ እርጥበት ገንዳው ውስጥ ድንገት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ያፈነዳዋል፤ ሠራተኛም ይጎዳል። ይህን የማይጠይቅ ወርክሾፕ ሥራውን አያውቀውም።

ቀጥሎ ቀዳዳው። 580 ዋት ፓነል፣ ስፋቱ 1134 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ረድፍ 14፣ 14 ሆኖ ሲደረደር አንዱ ጠረጴዛ፣ ማለትም ፓነሎቹ አብረው የሚቀመጡበት የብረት መዋቅር፣ 28 ፓነል ይይዛል፤ በ20 ሚሊ ክፍተት ርዝመቱ 16.14 ሜትር ይመጣል። ቀዳዳውን የሚበሳው ሰው እያንዳንዱን ቀዳዳ ካለፈው ቀዳዳ እየለካ ከሄደና በየአንዱ 2 ሚሊ ከሳተ፣ ከ13 ክፍተት በኋላ 26 ሚሊ ይጠፋል፤ ሳይቱ ላይ ትራፓኖ ይነሣል፣ አዲሱ ቀዳዳ ደግሞ ዚንክ የለውም። ሁሉም ቀዳዳ ከአንድ ጫፍ ይለካ። ለ1 ሜጋዋት 62 ያህል ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ በጠረጴዛ 10 ምሰሶ ከሆነ 620 ነው። ለመተሐራ የሶላር ማመንጫ ታስቦ የነበረውን ያህል፣ 100 ሜጋዋት፣ ሲሆን 62,000 ይደርሳል፤ በቀን 200 የሚያወጣ ወርክሾፕ 310 የሥራ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሥራውን ለሦስት ለአራት ወርክሾፕ ማከፋፈል ግድ ነው። ሁሉም የሚበሱት ከአንድ ናሙና በተቀዳ የብረት መለኪያ ይሁን፤ ያለዚያ የአንዱ አግዳሚ በሌላው ምሰሶ ላይ አይገጥምም።

ብሎኑንና ዳዶውን ከአንድ አቅራቢ ግዙ። በዚንክ የተነከረ ብሎን ይወፍራል፤ ዳዶው ሰፋ ተደርጎ ካልተቦረቦረ በእጅ አይዞርም። ያኔ ሠራተኛው የብሎኑን ጥርስ ይልጋል፣ ዚንኩም አብሮ ይሄዳል።

ክላምፑን፣ ማለትም የፓነሉን ፍሬም ነክሶ አግዳሚው ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ግን ለጊዜው ከፓነሉ ጋር አብራችሁ አስመጡ። የፓነሉ ፍሬም 35 ሚሊ ይሆናል ተብሎ ታዝዞ 30 ቢመጣ፣ የጫፉ ክላምፕ አይነክስም፤ በጠረጴዛ 8 የጫፍና 52 የመሃል ክላምፕ ስላለ የቁመት ልዩነቱ በአንድ ጊዜ መላውን ሳይት ያቆማል።

መጨረሻ ላይ አጫጫኑን ተከታተሉ። ከዚንክ ገንዳ የወጣ ብረት እርጥብ ሆኖ ተጠጋግቶ ከታሰረ በቀናት ውስጥ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በየድርድሩ መሃል ደረቅ እንጨት ይግባ፤ ውኃ እንዲወርድም አንዱ ጫፍ ከፍ ይበል።